የጠብታ መስኖ ማንጠብጠቢያ፤ አሠራሩና የሚደፈንበት ምክንያት



ቲማቲም ተክላችሁ የጠብታ መስኖ ቱቦ ዘርግታችኋል እንበል። አበባ እስኪያወጣ ድረስ ተክሉ ሁሉ እኩል አምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እዚህም እዚያም አንዳንዱ ቅጠሉን መጠቅለል ጀመረ፤ አበባውን አራገፈ፤ በመጨረሻም ደረቀ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ በሽታ ገባብኝ ብሎ መድኃኒት ገዝቶ ይረጫል። መድኃኒቱ ግን አይረዳውም፤ ተክሉ የደረቀው ውሃ አጥቶ ነውና። ቱቦው ላይ ያለችው ትንሽ ማንጠብጠቢያ ከተደፈነች ብዙ ቀን ሆኗት ነበር።

በቦይ ስናጠጣ ውሃ የደረሰበትንና ያልደረሰበትን መደብ በዓይናችን እናያለን። በጠብታ መስኖ ግን ጉድለቱ ቶሎ አይታይም፤ ተክሉ ሲናገር ጊዜው አልፏል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ማንጠብጠቢያ እንዴት እንደሚሠራ፤ ለምን እንደሚደፈንና ተክሉ ሳይጠወልግ ጉድለቱን በልኬት እንዴት ማወቅ እንደሚቻል እናስረዳለን።

1. ማንጠብጠቢያ ምንድን ነው?

ማንጠብጠቢያ ማለት ነጋዴዎች ድሪፐር ወይም ኢሚተር የሚሉት፤ ከቅርንጫፍ ቱቦው ውሃን ጠብ ጠብ እያደረገ ለተክሉ ሥር የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ ነው። አንዳንዱ በቱቦው ላይ ተሰክቶ ይታያል፤ አንዳንዱ ደግሞ በፋብሪካ በቱቦው ውስጥ ተጣብቆ ስለሚሠራ ከውጭ የሚታየው ቀዳዳው ብቻ ነው።

ሥራው አንድ ነው። በቱቦው ውስጥ በኃይል የሚመጣውን ውሃ ኃይሉን ሰብሮ በሰዓት ጥቂት ሊትር ብቻ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ይህንንም የሚያደርገው ውሃውን በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ በማሳለፍ ነው። እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። መተላለፊያው ሲጠብ ውሃው ይቆጠባል፤ ነገር ግን ቆሻሻ ቶሎ ይይዘዋል። ሲሰፋ አይደፈንም፤ ነገር ግን ውሃው ይበዛል። ጥሩ ማንጠብጠቢያ የሚባለው መተላለፊያው ሰፋ ብሎ ሳለ ውሃን በጥቂቱ የሚሰጥ ነው።

ይህን ሐሳብ በሥራ ላይ ካዋሉት ሰዎች አንዱ ሲምቻ ብላስ የሚባል የእስራኤል የውሃ መሐንዲስ ነበር። እርሱም በጥቃቅን ቀዳዳ ፋንታ ውሃው ሰፋ ባለና በረጅም መተላለፊያ ውስጥ እየተሻሸ ኃይሉን እንዲያጣ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1965 ከሐጸሪም የኅብረት መንደር ጋር ተስማማ፤ ከዚያም ማንጠብጠቢያው በፋብሪካ መሠራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል።

2. አራቱ የማንጠብጠቢያ ዓይነቶች

1ኛ፤ ተራ ቀዳዳ። ይህ በቱቦው ላይ የተበሳ ትንሽ ቀዳዳ ነው። በ10 ሜትር ግፊት በሰዓት 4 ሊትር ብቻ እንዲያወጣ ከተፈለገ የቀዳዳው ወርድ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ይህን ያህል የጠበበ ቀዳዳ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ልትዘጋው ትችላለች። በቤት ውስጥ በመርፌ ወይም በምስማር የሚበሳ ቀዳዳ ደግሞ አንዱ ከሌላው እኩል ስለማይሆን ውሃው አይስተካከልም።

2ኛ፤ ረጅም ቀጭን ቱቦ። ውሃው በቀጭን ቱቦ ውስጥ በዝግታ እየተሻሸ ይወጣል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሲደፈንም ነቅሎ ማጠብ ይቻላል። ነገር ግን ሦስት ድካም አለበት። ግፊቱ በእጥፍ ሲጨምር ውሃውም በእጥፍ ይጨምራል። ውሃው በፀሐይ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ የሚወጣው ውሃ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይሆናል። ሦስተኛውም ውሃው በዝግታ ስለሚሄድ ደለሉ በመንገድ ይተኛል።

3ኛ፤ ጥርስ ያለው ጠመዝማዛ። በዚህ ዓይነት ውስጥ ውሃው እንደ መጋዝ ጥርስ በተደረደሩ እንቅፋቶች መካከል ወዲያና ወዲህ እየተጋጨ ያልፋል። በቦረቦር ውስጥ የተሠሩ የድንጋይ ክትሮች የጎርፉን ኃይል ደረጃ በደረጃ እንደሚሰብሩት ሁሉ እያንዳንዱም ጥርስ የውሃውን ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ መተላለፊያውን በጣም ማጥበብ አያስፈልግም። ነገር ግን በክትር ጀርባ ደለል ይተኛል፤ በማንጠብጠቢያውስ ውስጥ አይተኛምን? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ውሃው እየተሽከረከረ ስለሚሄድ አብዛኛውን ደለል አንሥቶ ያወጣዋል፤ ውሃው በማይደርስበት በጥርሱ ሥር ባለው ጥግ ግን ጥቂት ሊተኛ ይችላል። በዚህ ምክንያት ጥጉ ክብ ሆኖ የተሠራው ጥጉ ሹል ከሆነው ይሻላል።

4ኛ፤ ግፊት አስተካካይ። ይህ በውስጡ ስስ ጎማ አለው። ግፊቱ ሲበዛ ጎማው ተጭኖ መተላለፊያውን ያጠበዋል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ይለቀዋል። ስለዚህ ማሳው ዳገትና ቁልቁለት ቢሆንም ሁሉም እኩል ያንጠባጥባሉ። ነገር ግን ዋጋው ይወደዳል፤ ጎማውም በጊዜ ብዛት ይደክማል። ከሁሉም በላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሜትር ያላነሰ ግፊት ስለሚፈልግ በ1 ሜትር ከፍታ ላይ በተቀመጠ በርሜል በደንብ አይሠራም። ለሞተር ፓምፕ እንጂ ለበርሜል አትግዙት።

3. ግፊትና ተዳፋት

የውሃ ግፊት በከፍታ ሊለካ ይችላል። በበርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ከማንጠብጠቢያው በላይ 1 ሜትር ከፍ ቢል ግፊቱ 1 ሜትር ነው። በፋብሪካ «በሰዓት 4 ሊትር» ተብሎ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ በ10 ሜትር ግፊት ተለክቶ ነው። ያው ጥርስ ያለው ማንጠብጠቢያ በ1 ሜትር ግፊት የሚሰጠው 1.3 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ገበሬ 4 ሊትር ሰጠሁ ብሎ ሲያስብ የሰጠው ሲሦውን ነው።

ተዳፋትም እንደዚሁ ያሳስታል። የበርሜሉ ውሃ ከላይኛው ተክል 1 ሜትር ከፍ ብሎ የታችኛው ተክል ደግሞ ከላይኛው 1 ሜትር ዝቅ ካለ፤ የታችኛው ግፊት 2 ሜትር ይሆናል። ማንጠብጠቢያው ቀጭን ቱቦ ከሆነ የታችኛው ተክል የላይኛውን እጥፍ ይጠጣል። ጥርስ ያለው ከሆነ ግን ልዩነቱ 1.4 ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ ቱቦዎችን ልክ እንደ እርከን ተዳፋቱን አግድሞ መዘርጋት ይገባል፤ ሽቅብና ቁልቁል አትዘርጉ።

4. የሚደፍኑት ሦስት ነገሮች

ሀ. አሸዋና ደለል። ይህ በወንዝ፤ በኩሬና በሐይቅ ውሃ ይበዛል። ለምሳሌ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ፤ በመቂና በባቱ አካባቢ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች የሚስቡት ውሃ ጥልቀቱ አነስተኛ ከሆነ ሐይቅ ስለሆነ ነፋስ ሲያማታው ይደፈርሳል። በክረምትም ወንዞች አፈር ይዘው ይገባሉ። ብዙ ሰው የአሸዋው ፍሬ ከመተላለፊያው ካነሰ ያልፋል ይላል፤ ይህ ስሕተት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በጠባብ በር ልውጣ ቢል በሩ ላይ ተጣብቆ እንደሚቀር ሁሉ ትናንሽ ፍሬዎችም ተያይዘው መተላለፊያውን ይዘጋሉ።

ለ. ሕይወት ያላቸው ነገሮች። አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ነገር ብርሃን ባገኘ ውሃ ውስጥ ይበቅላል። ባክቴሪያዎች ደግሞ በጨለማ በቱቦው ውስጥ ሆነው ልጋግ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ይሠራሉ። ልጋጉ ብቻውን ቀጭን ቢሆንም ደለሉን እንደ ጭቃ ያጣብቀዋል። በመሆኑም ሁለቱ አንድ ላይ ሲገናኙ ለየብቻቸው ከሚያደርሱት የበለጠ ጉዳት ያደርሳሉ።

ሐ. በውሃ ውስጥ የሟሙ ነገሮች። አንዳንድ ውሃ ጥርት ብሎ ሳለ ኖራ ወይም ብረት ይዟል። ኖራ ያለው ውሃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ ይህ የታወቀ ነው። ቱቦው በፀሐይ ሲሞቅና ማንጠብጠቢያው ላይ የቀረው ጠብታ ሲደርቅ ያው ቅርፊት በመተላለፊያው ውስጥ ይጋገራል። ብረት ያለው የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው፤ ነፋስ ሲያገኘው ግን ዝገት መስሎ ይቀላል።

የቅርፊቱን ጉዳት በቁጥር እንመልከት። የመተላለፊያው ወርድ በሩብ ቢጠብ፤ ተራው ቀዳዳ የሚሰጠው ውሃ ከመቶ ወደ 56 ይወርዳል። ቀጭኑ ቱቦ ግን ከመቶ ወደ 32 ይወርዳል። ወርዱ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ ይህን ጉዳት ለማድረስ የሚበቃው ቅርፊት ከወረቀት ውፍረት ብዙ አይበልጥም።

5. ውሃችሁን ዕወቁ

ዕቃውን ከመግዛት በፊት ውሃውን መመርመር ይገባል። ሦስት ቀላል ፈተናዎች አሉ።

1ኛ፤ ውሃውን በንጹሕ ጠርሙስ ቀድታችሁ አሳድሩት። ቶሎ የሚዘቅጠው አሸዋ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚዘቅጠው ደለል ነው፤ ነግቶም ካልጠራ ሸክላ ነው።

2ኛ፤ ከጉድጓድ የተቀዳው ጥርት ያለ ውሃ ሲያድር ከቀላ ብረት አለው።

3ኛ፤ በማንቆርቆሪያው ውስጥ በተጋገረው ነጭ ቅርፊት ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ከኮፈኮፈና አረፋ ካወጣ ኖራ ነው።

የልማት ሠራተኞች የላቦራቶሪ ውጤት ካገኛችሁ ይህን መመዘኛ ያዙ። በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ የተንሳፈፈው ደለል ከ50 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ አደጋው ትንሽ ነው፤ ከ100 በላይ ከሆነ ከባድ ነው። ፒኤች ከ7 በታች ከሆነ አደጋው ትንሽ ነው፤ ከ8 በላይ ከሆነ ከባድ ነው። ብረት በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ትንሽ ነው፤ ከ1.5 በላይ ከሆነ ከባድ ነው። በመካከል ያለው ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

6. ማጣራትና ማጠብ

«ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ማንጠብጠቢያን ከመደፈን የሚያድነው በመጀመሪያ ማጣሪያው ነው።

የማጣሪያው ዓይን ከማንጠብጠቢያው መተላለፊያ ወርድ አንድ አሥረኛ፤ ቢበዛ አንድ ሰባተኛ መሆን አለበት። መተላለፊያው 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዓይኑ ከ0.1 እስከ 0.14 ሚሊ ሜትር ይሁን። በገበያ 120 ሜሽ የሚባለው ወንፊት ዓይኑ 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ለዚህ ይስማማል። አልጌ ያለበት ውሃ ግን ወንፊቱን ቶሎ ስለሚሸፍነው በአሸዋ የተሞላ ማጣሪያ ይሻላል።

የበርሜል ተጠቃሚዎች እነዚህን አድርጉ። በርሜሉን ክደኑት፤ ብርሃን ካልገባ አልጌ አይበቅልም። ውሃውን ስትሞሉ በበርሜሉ አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግታችሁ አጣሩት። መውጫውን ከበርሜሉ ወለል አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጉት፤ ደለሉ ከታች ይቀራልና። ብረት ያለው ውሃ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ቀድታችሁ ከከፍታ እያፈሰሳችሁ ነፋስ ካስገባችሁት በኋላ አሳድሩት፤ ዝገቱ ይዘቅጣል።

ማጣሪያው ያላስቀረው ደቃቅ ደለል በቅርንጫፍ ቱቦው ጫፍ ይጠራቀማል። ስለዚህ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ የቱቦዎቹን ጫፍ ከፍቶ ማጠብ ያስፈልጋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፤ ኃይሉ ይከፋፈላል። አንድ በአንድ ክፈቱና ጥሩ ውሃ እስኪወጣ ጠብቁ። የውሃው ፍጥነት ደለሉን ጠርጎ እንዲያወጣ በሴኮንድ 0.3 ሜትር መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ በጫፉ ላይ የ1 ሊትር ጣሳ ያዙበት፤ በተለመደው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቱቦ ጣሳው በ20 ሴኮንድ ውስጥ ከሞላ ፍጥነቱ ይበቃል። ካልሞላ በርሜሉን ከፍ አድርጉ ወይም ቱቦውን አሳጥሩ።

ስለ ማዳበሪያም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዩሪያ በውሃ ውስጥ በደንብ ስለሚሟሟ ከተጣራ በኋላ በጠብታ መስመር ሊሰጥ ይችላል። ዳፕንና ኤንፒኤስን ግን በመስመሩ አትስደዱ። ፍሬያቸው ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፤ በውስጣቸው ያለው ፎስፎረስም ከውሃው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ድንጋይ ይሆናል። እነርሱን በአፈር ውስጥ ቅበሩ።

7. በልኬት ማወቅ

ይህ የትምህርቱ ዋና ክፍል ነው። የሚያስፈልጉት ሰዓት፤ ጥቂት ጣሳዎችና ሚሊ ሊትር የሚለካ ዕቃ ወይም መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ናቸው።

አራት ቅርንጫፍ ቱቦዎችን ምረጡ፤ ይኸውም የመጀመሪያውን፤ የመጨረሻውንና በመካከል ያሉ ሁለቱን ነው። በእያንዳንዱ ላይ አራት ማንጠብጠቢያዎችን ውሰዱ፤ ከመግቢያው፤ ከሲሦው፤ ከሁለት ሲሦውና ከጫፉ። በጠቅላላው 16 ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ሥር ጣሳ አድርጋችሁ በትክክል 6 ደቂቃ ጠብቁ። 6 ደቂቃ የሰዓት አንድ አሥረኛ ስለሆነ የተገኘውን በ10 ብታበዙት የሰዓቱን ታገኛላችሁ። የበርሜሉ ውሃ በልኬቱ ጊዜ እንዳይጎድል እየሞላችሁ ሥሩ።

ምሳሌ፤ የ16ቱ ድምር 1,600 ሚሊ ሊትር ቢሆን አማካዩ 100 ነው። ከሁሉ ያነሱት አራቱ 40፤ 60፤ 70 እና 70 ቢሆኑ ድምራቸው 240፤ አማካያቸው 60 ነው። 60 ለ100 ሲካፈል ከመቶ 60 ይሆናል። ፍርዱም እንዲህ ነው፤ ከ90 በላይ በጣም ጥሩ፤ ከ80 እስከ 90 ጥሩ፤ ከ70 እስከ 80 መካከለኛ፤ ከ70 በታች መጥፎ። በምሳሌው ያለው ማሳ እርዳታ ይፈልጋል ማለት ነው።

ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ተመልከቱ። ውሃው ከመግቢያው ወደ ጫፉ በተራ እየቀነሰ ከሄደ ምክንያቱ ቱቦው መርዘሙ ወይም ግፊቱ ማነሱ ነው። ጫፍ ላይ ያሉት ብቻ በድንገት ካነሱ ደለል ተጠራቅሟል። እዚህም እዚያም ያለ ሥርዓት ካነሱ ማንጠብጠቢያዎቹ እየተደፈኑ ናቸው።

ይህን ልኬት ቱቦው አዲስ ሳለ ሠርታችሁ በደብተር ጻፉ፤ ከዚያም በየወሩ ድገሙት። ከአዲሱ ጋር ካላስተያያችሁት የቀነሰውን አታውቁም።

8. የተደፈነውን መክፈት

ከሁሉ በፊት፤ በመርፌ ወይም በሽቦ አትውጉ። ውጉ የሚላችሁ ሰው ለአንድ ቀን ይረዳችኋል፤ ነገር ግን መተላለፊያው ተቦጭቆ ስለሚሰፋ ያ ማንጠብጠቢያ ለዘለዓለም ልኩን ያጣል፤ የጎረቤቱንም ውሃ ይወስዳል።

የደፈነው ኖራ ከሆነና ማንጠብጠቢያው የሚነቀል ከሆነ ነቅላችሁ በኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩት፤ በማግሥቱ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። በመስመሩ ውስጥ ጠንካራ አሲድ መስደድ ግን ባለሙያ ሳይኖር የሚሠራ አይደለም። ሁልጊዜም አሲድ በውሃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ በአሲድ ላይ አይጨመርም።

የደፈነው ልጋግ ከሆነ በረኪና ይረዳል። መለያው 5 በመቶ ክሎሪን የሚል ከሆነ በ200 ሊትር በርሜል 40 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። በቱቦው ጫፍ ሽታው እስኪሸት ድረስ ልቀቁት፤ ከዚያ ዘግታችሁ አንድ ሰዓት አቆዩት፤ በመጨረሻም ጫፎቹን ከፍታችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡ። በረኪናን ከኮምጣጤ፤ ከሌላ አሲድ ወይም ከማዳበሪያ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ ሰው የሚገድል ጋዝ ሊያወጣ ይችላልና። ብረት ባለው ውሃ ላይም አትጨምሩ፤ ብረቱን በቱቦው ውስጥ አዝቅጦ ይብሱን ይደፍነዋል።

9. ስትገዙ

ነጋዴውን እነዚህን ጠይቁት፤ መተላለፊያው ስንት ሚሊ ሜትር ነው? በስንት ሜትር ግፊት ስንት ሊትር ይሰጣል? ምን ዓይነት ማጣሪያ ይፈልጋል? ውሃችሁ ደፍራሽ ከሆነና በበርሜል የምታጠጡ ከሆነ መተላለፊያው ሰፊ የሆነ፤ ጥርስ ያለውን ጠመዝማዛ ምረጡ። ኖራ ያለው ውሃ ከሆነ ደግሞ ተነቅሎ ወይም ተከፍቶ የሚታጠበው ይሻላል። ቱቦው ጥቁር ይሁን፤ ብርሃን አያስገባምና። ማጣሪያ የሌለበትን ዕቃ በርካሽ ዋጋ ከመግዛት፤ ያነሰ መደብ በማጣሪያ ማልማት ይበልጣል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከመተላለፊያው ያነሰ የአሸዋ ፍሬ ማንጠብጠቢያን የሚደፍነው እንዴት ነው?
2. በሰዓት 4 ሊትር ተብሎ የተገዛው ማንጠብጠቢያ ከበርሜል ሲያጠጣ ለምን ያን ያህል አይሰጥም?
3. በቀበሌያችሁ ያለው ውሃ ደለል፤ ልጋግ፤ ኖራ ወይስ ብረት አለው? በምን አወቃችሁ?
4. የልማት ሠራተኛው ከአንድ ገበሬ ጋር ሆኖ የ16ቱን ማንጠብጠቢያ ልኬት በማሳው ላይ ያሳይ። ውጤቱ ከመቶ ስንት ሆነ? ያነሱትስ የት የት ናቸው?

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ተክል ጠውልጎ ስታገኙ ወደ መድኃኒት መደብር ከመሄዳችሁ በፊት ከሥሩ ጎንበስ ብላችሁ ማንጠብጠቢያውን ተመልከቱ። ጣሳ አድርጉበትና 6 ደቂቃ ጠብቁ። ጣሳው ባዶ ከሆነ በሽታውን አግኝታችኋል።